ከቅጠል ወደ መድኃኒት፦ የወባ ፈውስ እንዴት ተነጥሮ ወጣ?

ቅቤ የምታነጥር እናት፣ ስሙን ባትጠራውም፣ አንድ ትልቅ ጥበብ በእጇ ይዛለች። በጥሬው ቅቤ ውስጥ ቅባቱም፣ ውኃውም፣ አይቡም ተቀላቅለው ይገኛሉ። እናት እሳቱን ትመጥናለች፤ ኮሰረቱንና ኮረሪማውን ትጨምራለች፤ አረፋውን ትገፍፋለች፤ አተላው ከታች እስኪዘቅጥ ትጠብቅና ጥርት ያለውን ብቻ አጥልላ ታስቀምጣለች። እሳቱ ቢበረታ ቅቤው ያርራል፤ ቢደክም ደግሞ ውኃው ሳይወጣ ቀርቶ ቅቤው ይበላሻል። የኮሰረቱስ ነገር? ቅጠሉ ተጠልሎ ሲጣል መዓዛው ግን ከቅቤው ጋር ለወራት ይቆያል። ምክንያቱም ቅባት መዓዛውን ከቅጠሉ ስቦ ወደ ራሱ ይወስደዋል።

ከቅጠል መድኃኒት የሚያወጡ ሊቃውንት ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የሚፈለገውን የሚስብ ነገር መምረጥ፣ ሙቀቱን መመጠን፣ የማይፈለገውን መለየት፣ የጠራውን መሰብሰብ። በዚህ ጽሑፋችን ይህ ጥበብ በአንድ ቅጠል ላይ እንዴት እንደተሠራና ከወባ ሞት ሚሊዮኖችን ያተረፈ መድኃኒት እንዴት እንደተገኘ እንመለከታለን። ነገሩ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ትኩሳት ለያዘው ልጅ ቅጠል አፍልተን እናጠጣው ወይስ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው? የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለና ታሪኩን አውቆ መልሱን መረዳት ይቻላል።

ወባና የቀድሞ መድኃኒቶች

ወባ ለሀገራችን እንግዳ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሳው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን እንደታመሙ፣ ከእነዚህም 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። የደምቢያ ሜዳና ሌሎች ሰፋፊ አካባቢዎች አዝመራ የሚሰበስብ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ተመትተው ነበር።

ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው የነጠረ መድኃኒት የመጣውም ከዕፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሲንኮና ከተባለው የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ኪኒንን ለይተው አወጡ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ክሎሮኪን የተባለው ሰው ሠራሽ መድኃኒት ተገኘና በርካሽ ዋጋ ዓለምን አዳረሰ። ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ የወባ ተሕዋስ ክሎሮኪንን ተለማመደው። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ1998 ክሎሮኪን ለአደገኛው ወባ የመጀመሪያ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ በፋንሲዳር ተተካ። እርሱም ብዙ ሳይቆይ አቅሙ ተዳከመ።

ይህ ችግር ከሁሉ በፊት ጎልቶ የታየው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወባ ከጥይት ባልተናነሰ ሁኔታ ወታደሮችን ይጥል ስለነበር የሰሜን ቬትናም መንግሥት ቻይናን እርዳታ ጠየቀ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 1967 ምስጢራዊ የሆነ የምርምር ሥራ ጀመረች። የሥራው መጠሪያም ከወሩና ከቀኑ ተወስዶ «ፕሮጀክት 523» ተባለ።

ሁለት ሺህ የባሕል መድኃኒት

እ.ኤ.አ. በ1969 መግቢያ ላይ በቤይጂንግ የቻይና ባሕላዊ ሕክምና አካዳሚ ውስጥ የሚሠራው ቡድን መሪነት ለወይዘሮ ቱ ዩዩ ተሰጠ። ወይዘሮ ቱ በወቅቱ የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ነበሩ። የዶክትሬት ማዕረግ አልነበራቸውም፤ በውጭ ሀገርም አልተማሩም። የተማሩት ፋርማሲ ሲሆን በባሕላዊ ሕክምናም ተጨማሪ ሥልጠና አግኝተዋል። ባለቤታቸው በወቅቱ በነበረው የፖለቲካ ትርምስ ምክንያት ወደ ገጠር ተልከው ስለነበር ወይዘሮ ቱ ልጆቻቸውን ለሌሎች አደራ ሰጥተው ወደ ሥራው ገቡ።

ሥራውን የጀመሩት ከመጻሕፍትና ከሽማግሌ ሐኪሞች ነው። ከ2000 የሚበልጡ የባሕል መድኃኒት አሠራሮችን ሰበሰቡ፤ ከእነዚህም 640 ያህሉን መርጠው በአንድ ጥራዝ አጠናቀሩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. እስከ 1971 አጋማሽ ድረስ ከ200 ያህል ዕፀዋት የተዘጋጁ ከ380 በላይ ጭማቂዎችን በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ሞከሩ። ከእነዚህ መካከል ቻይናውያን ቺንግሃው የሚሉት፣ በሳይንሳዊ ስሙ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለው ቅጠል ይገኝበታል። ይህ ተክል በየዓመቱ የሚዘራ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሊያድግ የሚችል፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀና ጠንካራ ሽታ ያለው ነው። ዐረቦች «ሺሕ» የሚሉት፣ በኛም ሀገር ጭቁኝና አሪቲ የሚባሉት ዕፀዋት የዚሁ ወገን ዘመዶች ናቸው።

የቺንግሃው ጭማቂ በአንድ ሙከራ የወባውን ተሕዋስ 68 በመቶ ያህል ገታ። ደስታው ግን አልቆየም። ሙከራው ሲደገም ውጤቱ ወደ 40 በመቶ፣ እንዲያም ሲል ወደ 12 በመቶ ወረደ። አንድ ቀን የሚሠራ፣ በማግስቱ የማይሠራ ነገር ደግሞ መድኃኒት ሊባል አይችልም።

አሟሚው ነበር ቁልፉ

ከዚህ ላይ አሟሚ የሚባለውን ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። አሟሚ ማለት ሌላውን ነገር በውስጡ የሚያቀልጥ ፈሳሽ ነው። ውኃ ለጨውና ለስኳር አሟሚ ነው፤ ዘይት ግን በውኃ አይሟሟም። እጃችን ላይ የደረቀ ቅባት በውኃ ብቻ አልለቅ ሲል በላምባ ወይም በቤንዚን የሚለቀው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ አሟሚ የሚወደውና የሚንቀው ነገር አለው። ቅጠል ደግሞ አንድ ነገር ብቻ የያዘ አይደለም። አረንጓዴ ቀለም፣ ሰም፣ ስኳር፣ አሲድ፣ የሽታ ቅባትና ሌሎችም እጅግ ብዙ ነገሮች በውስጡ አሉ። ትክክለኛውን አሟሚ የመረጠ ሰው ከዚህ ሁሉ መሐል የሚፈልገውን ይጠራል፤ ያልመረጠ ግን ፈውሱን በቅጠሉ ውስጥ ትቶ ቀለሙን ብቻ ይጠጣል።

ወይዘሮ ቱ ሙከራው ለምን እንደሚዋዥቅ ለማወቅ ወደ ጥንት መጻሕፍት ተመለሱ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ጌ ሆንግ የተባለ ቻይናዊ ሐኪም ለድንገተኛ ሕመም ባዘጋጀው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቺንግሃው ያሰፈረውን አገኙ። ጌ ሆንግ የሚያዘው ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት ነው። የተለመደው የቻይና መድኃኒት አሠራር ቅጠሉን በውኃ ማፍላት ሆኖ ሳለ ይህ ሐኪም እሳት የሚል ቃል አላነሳም። ወይዘሮ ቱ ይህን ሲያነቡ «ምናልባት ፈውሱን የሚያጠፋው ሙቀቱ ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣላቸው።

ስለዚህ አሠራሩን ለወጡ። ቅጠሉን በዝቅተኛ ሙቀት፣ በውኃ፣ በአልኮልና በኤተር ለየብቻ ማውጣት ጀመሩ። ኤተር በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላ፣ ማለትም ከሰው ሰውነት ሙቀት በታች የሚተን ፈሳሽ ነው። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ቅጠሉን ብዙ ሳያሞቁ በውስጡ ያለውን ማውጣት ያስችላል። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ኤተሩ በቀላሉ ተንኖ ይሄዳል። ዛሬ እንደሚታወቀው ደግሞ ፈዋሹ ነገር በውኃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን በኤተርና በመሰሎቹ ግን በደንብ ይሟሟል። ፈውሱ የሚከማቸውም በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ደቃቃ ከረጢቶች ውስጥ ነው። ግንዱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

በኤተር የወጣው ጭማቂ ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ነገር ግን መርዛማነት ታየበት። ስለዚህ ሌላ የመለየት ሥራ ተጨመረ። ጭማቂው አልካሊ በሆነ ፈሳሽ ሲታጠብ አሲድነት ያለው ክፍል ተለይቶ ወጣ። ያ ክፍል ሲመረመር ወባውን የማይነካ፣ ነገር ግን መርዛማ ሆኖ ተገኘ። የቀረው ገለልተኛ ክፍል ደግሞ ፈውሱን ይዞ ቀረ። እዚህ ላይ ልብ እንበል! በአንዱ ቅጠል ውስጥ ጉዳቱም ፈውሱም ጎን ለጎን ነበሩ። ሁለቱን የለያቸው ዕውቀት ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1971 ቁጥር 191 የተሰጠው ናሙና በአይጦች ላይ ተሞከረ። የወባው ተሕዋስ መቶ በመቶ ጠፋ። ቀጥሎ በጦጣዎች ላይ ሲሞከርም ውጤቱ ያው ሆነ።

በራሳቸው ላይ ሞከሩት

በጊዜው የነበረው ሁኔታ አስቸጋሪ ነበር። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ተዘግተው ስለነበር ቡድኑ ብዙ ቅጠል የሚዘፈዝፍበት ዕቃ አላገኘም። ስለዚህ ለቤት ውኃ ማጠራቀሚያ የሚያገለግሉ ትልልቅ ጋኖችን ተጠቀሙ። ክፍሉ በቂ የአየር መተላለፊያ አልነበረውም፤ የኤተሩና የሌሎቹ አሟሚዎች ትነት ወይዘሮ ቱንና አንዳንድ ባልደረቦቻቸውን እስከ ማሳመም ደረሰ።

ጭማቂው ተዘጋጅቶ ሳለ ለሕመምተኛ ለመስጠት ጥርጣሬ ተነሳ። በአንዳንድ እንስሳት ላይ የታየው የመርዛማነት ምልክት ገና ጠርቶ አልታወቀም ነበርና። የወባው ወቅት ሊያልፍ ስለሆነ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1972 ወይዘሮ ቱና ሁለት ባልደረቦቻቸው ሆስፒታል ገብተው በሐኪም እየተጠበቁ ጭማቂውን በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ጉዳት አልደረሰባቸውም። ከዚያም ወይዘሮ ቱ ወደ ሃይናን ደሴት ተጉዘው 21 የወባ ሕመምተኞች በመድኃኒቱ ታከሙ። የሕመምተኞቹ ትኩሳት ቶሎ በረደ፤ በደማቸው ውስጥ የነበረውም ተሕዋስ ተመናመነ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ጭማቂው የበለጠ ተጣርቶ፣ እንደ ጨው ቅንጣት ጥርት ያለ፣ ቀለም የሌለው ክሪስታል ሆኖ ወጣ። የሚቀልጠው በ156 እና 157 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ነው። አንድ ነገር ንጹሕ መሆኑ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ ንጹሕ ነገር የሚቀልጥበት ሙቀት ውስን ነው፤ ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበት ግን ወሰኑ ይዛባል። ይህ ክሪስታል ዛሬ አርቴሚሲኒን ይባላል።

ችግሩ ግን በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1973 ክሪስታሉ በክኒን መልክ ተዘጋጅቶ ሲሰጥ ውጤቱ ደካማ ሆነ። ምክንያቱ ሲመረመር ክኒኑ እጅግ ከመጠንከሩ የተነሳ ሆድ ውስጥ የማይፈርስ ሆኖ ተገኘ። ያው ክሪስታል በካፕሱል ተሞልቶ ሲሰጥ ፈውሱ ተመለሰ። እንግዲህ መድኃኒቱ ንጹሕ ሆኖም እንኳ አሰጣጡ ካልተስተካከለ አይጠቅምም ማለት ነው።

የአርቴሚሲኒን ሞለኪውላዊ መዋቅር እ.ኤ.አ. በ1977 በጽሑፍ ለዓለም ታወቀ። ወይዘሮ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፈሉ።

የኢብን ሲና መመዘኛ

ይህ አካሄድ ለእስልምናው ዓለም እንግዳ አይደለም። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ «አልኮል» የመጣው «አል-ኩሕል» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ፈሳሽን ለማንጠር የሚያገለግለው ዕቃ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራበትም ስም «አል-ኢንቢቅ» ከሚለው ተወስዷል። በ9ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው አል-ኪንዲ ከአበባና ከቅጠል ሽቶ ስለማንጠር ጽፏል። አር-ራዚ ደግሞ የማንጠሪያ፣ የማጥለያና የማቅለጫ ዕቃዎችን አንድ በአንድ ገልጿል።

እ.ኤ.አ. ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲና በ«አል-ቃኑን» መጽሐፉ አንድ መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን መመዘኛዎችን አስቀምጧል። መድኃኒቱ ከባዕድ ጠባይ የጸዳ መሆን አለበት፤ ውጤቱ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚደገም መሆን አለበት፤ በመጨረሻም በሰው ላይ መፈተን አለበት፤ በእንስሳ ላይ የታየው በሰው ላይ ላይታይ ይችላልና። በቤይጂንግ የተደረገውን ስናስተውል እነዚሁን መመዘኛዎች እናገኛለን። 68 በመቶው ውጤት ሊደገም ስላልቻለ ተጣለ። መርዛማው ክፍል ተለይቶ ወጣ። በመጨረሻም ሦስት ሰዎች በራሳቸው ፈቀዱ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕመምተኛ እንዲታከም ማዘዛቸውን፣ ለበሽታም ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ትምህርት ግን መድኃኒቱ ያለ ድካም ይገኛል ማለት አይደለም፤ እንድንፈልገው የሚያተጋ ነው።

ዛሬ በፋብሪካ እንዴት ይሠራል?

አሠራሩ ዛሬ በትልቅ ደረጃ የሚካሄድ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው። ቅደም ተከተሉን ባጭሩ እናስቀምጠው።

መጀመሪያ ተክሉ ሊያብብ ሲል ወይም ማበብ ሲጀምር ይታጨዳል፤ በአግባቡ ይደርቃል፤ ቅጠሉ ከግንዱ ተራግፎ ይለያል።

ሁለተኛ፣ ደረቁ ቅጠል በዝግ ጋን ውስጥ በአሟሚ ይዘፈዘፋል። በብዛት የሚያገለግሉት ከነዳጅ ዘይት የሚገኙት ሄክሴንና ፔትሮሊየም ኤተር ሲሆኑ ለብ ብለው እንጂ ፈልተው አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፈሳሹ ከገለባው ይጠለላል። ከዚያም የአየር ግፊት በተቀነሰበት ዕቃ ውስጥ አሟሚው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲተን ይደረጋል። የተነነው አሟሚ ቀዝቅዞ ይሰበሰብና ደግሞ ለሥራ ይውላል። ከታች የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰም የበዛበት ዝልግልግ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ሰሙ በሌላ አሟሚ እንዲዘቅጥ ተደርጎ ይወገዳል፤ ቀለሙን ከሰል መሰል ዱቄት ይስበዋል። ከዚያም ፈሳሹ ሲሊካ የተባለ ደቃቅ ዱቄት በተሞላበት ረጅም ቱቦ ውስጥ ይንቆረቆራል። በዱቄቱ ውስጥ ሲያልፍ አንዱ ነገር ይዘገያል፣ ሌላው ይቀድማል። በዚህም አንዱ ካንዱ ተለይቶ በተለያየ ጊዜ ከታች ይወጣል።

አምስተኛ፣ የጠራው ክፍል ክሪስታል እንዲሠራ ይቀዘቅዛል። ክሪስታሉ እንደገና ይሟሟል፣ እንደገናም ይቀዘቅዛል። በእያንዳንዱ ዙር ባዕዱ ነገር ይቀንሳል።

በመጨረሻም ምርመራ ይደረጋል። ንጽሕናው ይለካል፤ የቀረው አሟሚም ይለካል። ለምሳሌ ሄክሴን በመድኃኒት ውስጥ ሊቀር የሚፈቀደው ከአንድ ሚሊዮን ክፍል 290 ክፍል ብቻ እንደሆነ ዓለም አቀፉ የመድኃኒት መመሪያ ይደነግጋል።

የሚገኘውስ ምን ያህል ነው? በደረቅ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው አርቴሚሲኒን እንደ ዝርያውና እንደ አፈሩ ከ0.1 በመቶ እስከ 1 በመቶ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ስለዚህ 1 በመቶ ከያዘ ጥሩ ዝርያ እንኳ ከአንድ ኩንታል ደረቅ ቅጠል የሚጠበቀው ቢበዛ አንድ ኪሎ ግራም ነው። ይህን የአንድ ለአሥር ልዩነት አንባብያን እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ አልኮል የሚነሳው ጥያቄ

በዚህ ሥራ ውስጥ አልኮል እንደ አሟሚ ሊገባ ይችላል። ብዙ ቤተሰቦችም «እንዲህ ያለ መድኃኒት እንዴት ይታያል?» ብለው ይጠይቃሉ። የሸሪዓው ብይን የዑለማዎች ድርሻ በመሆኑ ለእነርሱ እንተወዋለን። እኛ የምንለው ስለ አሠራሩ ብቻ ነው። አሟሚ መሣሪያ እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ቅጠሉን አሟሙቶ ይወጣና እንዲተን ይደረጋል። የጠራው ክሪስታል ሲደርቅ የሚቀረው፣ ቢቀርም፣ በምርመራ የሚለካ ኢምንት ነው። አልኮልን በፈሳሽነቱ ይዘው የሚሸጡ ሽሮፖች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ጥያቄ ያለው ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ፣ ፋርማሲስቱንም ጠይቆ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዓሊም ቢሄድ የተሟላ መልስ ያገኛል።

ሻዩ ለምን አይበቃም?

«ቅጠሉ ፈዋሽ ከሆነ አፍልተን ብንጠጣውስ?» የሚል ጥያቄ በብዙ ሀገሮች ተነስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ የአርቴሚሲያን ሻይ፣ ዱቄትም ሆነ ቅጠል ለወባ መከላከያነትም ሆነ ለሕክምና እንደማይደግፍ አስታውቋል። ምክንያቶቹ ከላይ ካየነው ታሪክ ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ፈውሱ በውኃ የሚሟሟው በጥቂቱ ነው። ሻዩ መራራ ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል፤ መራራነቱ ግን የመድኃኒቱን መጠን አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ቀደም ሲል የጠቀስነው የአንድ ለአሥር ልዩነት አለ። ወይዘሮ ቱ ራሳቸው በቤይጂንግ አካባቢ የሚበቅለው ተክል ፈውሱ አነስተኛ መሆኑን አይተዋል። ከአንዱ ጓሮ የተቆረጠ እፍኝ ቅጠል ከሌላው ጓሮ እፍኝ ጋር እኩል አይደለም። እናት በሲኒ የለካችው ውኃውን እንጂ መድኃኒቱን አይደለም።

ሦስተኛ፣ አርቴሚሲኒን ተሕዋሱን በፍጥነት ይገድላል እንጂ በሰውነት ውስጥ አይቆይም፤ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። መጠኑ ካነሰ ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ይበርድና ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው» ሲል የተረፈው ተሕዋስ እንደገና ይራባል። በትንንሽ ልጆችና በእርጉዝ ሴቶች ላይ ይህ መዘግየት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ስለ ጭቁኝም አንድ ነገር እንጨምር። ጭቁኝ የዚሁ ወገን ተክል ቢሆንም የቻይናው ተክል አይደለም። በውስጡ አርቴሚሲኒን የለም፣ ቢኖርም እጅግ ኢምንት ነው። ሽታው ስለተመሳሰለ ፈውሱ አንድ ነው ብሎ ለወባ መተማመን አደገኛ ነው። ይህን ስንል የአባቶቻችንን የቅጠል ዕውቀት መናቃችን አይደለም። የጌ ሆንግ ምክር ባይኖር ኖሮ ወይዘሮ ቱ መንገዱን ላያገኙ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ምክሩን ያከበሩት በመድገም ብቻ ሳይሆን በመፈተን ነው።

ኤተሩንም በቤት ለመሞከር የሚያስብ ወጣት ቢኖር አጥብቀን እናሳስባለን። ኤተር ትነቱ በወለል ላይ እየተሳበ ራቅ ካለ እሳት ጋር ተገናኝቶ ሊቀጣጠል የሚችል፣ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥም ሊፈነዳ የሚችል ነገር የሚፈጥር ፈሳሽ ነው። ጥበቡን የወደደ ወጣት ኬሚስትሪንና ፋርማሲን ይማር፤ ሀገራችን ገና በዓይነቱ ያልተመረመረ ብዙ ቅጠል አላት።

መድኃኒቱን እንዳናጣው

አርቴሚሲኒን ለብቻው ቢሰጥ ተሕዋሱ እንደሚለምደው ስለታወቀ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ መከረ፤ በ2006 ደግሞ አምራቾች ለብቻው መሸጡን እንዲያቆሙ ጠየቀ። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተጣመሩበትን ክኒን ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ ወባ መረጠች። አርቴሜተር ከአርቴሚሲኒን የሚሠራ ሲሆን ፈጥኖ ይመታል፤ ሉሜፋንትሪን ደግሞ በደም ውስጥ ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ይጠርጋል።

በተለመደው ክኒን አንድ አዋቂ በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ክኒን፣ በጠቅላላው 24 ክኒን ይወስዳል። በእነዚህ ውስጥ ያለው አርቴሜተር ተደምሮ 480 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከግማሽ ግራም በታች ነው። ለዚህች ጥቂት ነገር ስንት ጋን ቅጠል፣ ስንት አሟሚ፣ ስንት ማጣሪያ እንዳለፈ አይተናል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ የተረፈውን ክኒን በመሳቢያ ማስቀመጥ ወይም ለጎረቤት ማካፈል መድኃኒቱን ማባከን ብቻ አይደለም፤ ተሕዋሱ እንዲለማመደው ማሠልጠን ነው። በምዕራብ ካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ መለማመድ እንደጀመረ ተዘገበ። ከዚያ ወዲህ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኤርትራ ታይቷል፤ ምልክቱም በሀገራችን ተገኝቷል።

እንግዲህ በየቤታችን ልንይዘው የሚገባን ይህ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ሲኖር በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር፤ በሀገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉ ሁለት ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች ስላሉና ሕክምናቸው ስለሚለያይ ያለ ምርመራ መገመት አይገባም። እርጉዝ ሴት መሆኗን ለሐኪሙ ትንገር። አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ ምክንያቱን ከኮሰረቱ ተምረነዋል። ወባ በረመዳን የያዘውም ሰው ሕመምተኛ ሊያፈጥር እንደተፈቀደለት አውቆ መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር ይውሰድ፤ ጾሙን ሲድን ቀዷ ያወጣል።

ቅጠሉን ያበቀለ አላህ (ሱ.ወ.) ነው። ከቅጠሉ ውስጥ የሚጎዳውን ከሚጠቅመው መለየት፣ መመጠንና በሰዓቱ መውሰድ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ቅጠሉ ቅጠል ሆኖ ይቀራል።

ወላሁ አዕለም።